የባለቅኔው ቅድመ አያት

በአገራችን አንድ ልጅ አፉን ፈትቶ መናገር ሲጀምር ሽማግሌዎች በፊታቸው አቁመው ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ነው። ልጁ የአባቱን ስም የነገራቸው እንደ ሆነ «የአባትህስ አባት ማን ይባላል?» ይሉታል፤ ይህንም አስተካክሎ የመለሰ እንደ ሆነ ደስ ብሏቸው «እስቲ ደግሞ በእናትህ በኩል ቍጠር» ይሉታል። ብዙዎቻችን በአባታችን በኩል እስከ አራትና እስከ አምስት ቈጥረን፣ በእናታችን በኩል ሲሆን ግን ከአያታችን ስም በላይ መሄድ አቅቶን ዝም ያልንበትን ጊዜ እናስታውሳለን።

ይህ የሽማግሌዎች ጥያቄ ለጨዋታ ብቻ የሚቀርብ አልነበረም። ጋብቻ በታሰበ ጊዜ የወንዱና የሴቲቱ ወገኖች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቈጥሩ ነበርና፣ የቅድመ አያትን ስም አለማወቅ ሳያውቁ ዘመድን ወደ ማግባት ያደርስ ነበር። ከዚህም ሌላ በጎጃም፣ በጎንደርና በሌላውም የርስት አገር ሰው መሬት የሚካፈለው ከመጀመሪያው ባለርስት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቈጥሮ ሲያስረዳ ስለ ነበረ፣ ዘሩን መቍጠር የማይችል ሰው ከርስቱ ይጐድል ነበር። መሬት በእኛ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ግን ይህ ምክንያት ቀረ፤ ሰውም ከትውልድ ቀዬው እየወጣ በከተማና በባሕር ማዶ ተበተነ። የዛሬው ልጅ የአያቱን ስም የሚያውቀው በመታወቂያው ላይ ስለ ተጻፈ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ይኖራል፤ እነርሱም ሲያልፉ አብሯቸው ያልፋል።

ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ዘሩ ምን ያህል ማወቅ እንደሚችል፣ ምንስ ሊጠፋበት እንደሚችል በምሳሌ ለማሳየት፣ የአንድ ባለቅኔ ትውልድ ከእርሱ ጀምረን ወደ ላይ ልንቈጥር ወደድን። ይህም ሰው የመስኮቡ ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን ነው። በአዲስ አበባ ከተማ በስሙ የሚጠራ አደባባይ ስላለ ስሙ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ስለ እርሱና ስለ ወገኖቹ የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፑሽኪን በ1799 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰርጌይ ፑሽኪን፣ እናቱ ናዴዥዳ ይባላሉ። የአባቱ ወገን በመስኮብ አገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የመኳንንት ቤት ነው። በአውሮፓ ልማድ የቤተ ሰብ ስም የሚወርደው በአባት በኩል ነውና፣ በስሙ ብቻ የሚመራ ሰው ይህን ባለቅኔ ሲመረምር ከፑሽኪኖች ቤት ወደ ሌላ አይመለከትም። ነገር ግን ሰው ሁሉ ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ ይህን እያጠፍን ወደ ላይ ብንወጣ በሰባተኛው ትውልድ 128 ሰዎች እናገኛለን። እኛ በቃላችን የምንይዘው በአባት በኩል የሚወርደውን አንድ መስመር፣ ማለት ሰባት ሰዎችን ብቻ ነው። ቅዱስ ማቴዎስ እንኳ የጌታችንን ትውልድ በአባቶች በኩል ሲቈጥር ትዕማርን፣ ራኬብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት ሳይጠቅስ አላለፈም። ስለዚህ እኛም የፑሽኪንን ዘር በእናቱ በኩል እንቍጠር።

እናቱ ናዴዥዳ በ1775 ተወለዱ፤ ስማቸው በቋንቋቸው «ተስፋ» ማለት ነው። የናዴዥዳ አባት ኦሲፕ ሐኒባል ሲሆን ከ1744 እስከ 1806 የኖረ ሰው ነው፤ ኦሲፕ በእኛ ዮሴፍ የምንለው ስም ነው። የኦሲፕ አባት አብራም ሐኒባል ነው፤ አብራምም አብርሃም ማለት ነው። እንግዲህ ከፑሽኪን እስከ አብራም ሦስት ደረጃ ብቻ ሆነ፤ አብራም የባለቅኔው ቅድመ አያት ነው። በዚህ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ ግን ከመስኮብ አገር ወጥተን ወደ አፍሪቃ እንሻገራለን።

አብራም በ1696 ገደማ በአፍሪቃ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ቤት ተወስዶ ወደ ቁስጥንጥንያ ደረሰ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሲተርኩ እንደ ኖሩት፣ በመርከብ ሲወስዱት ላጋን የምትባል እኅቱ በባሕሩ ውስጥ እየዋኘች ከሩቅ ስትከተለው ማየቱን እስከ ሽምግልናው ድረስ አልረሳም። በ1704 ከቁስጥንጥንያ ወደ መስኮብ አገር ተወሰደና ለንጉሠ ነገሥቱ ለታላቁ ጴጥሮስ ቀረበ። በሚከተለውም ዓመት ዛሬ የሊቱዌንያ ዋና ከተማ በሆነችው በቪልኒየስ፣ በቅድስት ፓራስኬቫ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ጥምቀት ተጠመቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ክርስትና አነሡት። ጴጥሮስ የሚል ስም ሊሰጡት ሲሉ ብላቴናው አልቅሶ የቀድሞ ስሙን አልለቅም እንዳለ በቤተ ሰቡ ዘንድ ይነገር ነበር። ስለዚህ አብራም እንደ ተባለ ቀረ፤ አባቱ ሩቅ ነበሩና በአባት ስም ፈንታ የክርስትና አባቱ ስም ተጨመረለት፤ በሙሉ ስሙም አብራም ፔትሮቪች፣ ማለት የጴጥሮስ ልጅ አብራም ተባለ።

ከዚህም በኋላ በ1717 ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደ። በዚያም የመድፈኛና የመሐንዲስ ሙያ ተማረ፤ በፈረንሳዮች ጦር ገብቶ ከስፔን ጋር በተደረገው ውጊያ በራሱ ላይ ቈሰለ፤ በ1723ም ተመለሰ። ታላቁ ጴጥሮስ በ1725 በሞቱ ጊዜ ጠባቂ ስላጣ በ1727 ወደ ሳይቤርያ እንዲርቅ ተደረገ። ነገር ግን እውቀቱ አላስጣለውም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ኤልሳቤጥ ዙፋን ከያዙ በኋላ፣ በ1742 ዛሬ ታሊን በምትባለው በሬቫል ከተማ አዛዥ ሆኖ ተሾመ፤ በፕስኮቭ አውራጃም ርስት ተሰጠው። በ1759 እስከ ሙሉ ጄኔራልነት ማዕርግ ደረሰ፤ በ1781ም በሰማንያ አምስት ዓመቱ ገደማ በርስቱ ላይ ዐረፈ። ከልጆቹም አንዱ ኢቫን በ1770 በናቫሪን በተደረገው ጦርነት ስሙ የተጠራ፣ በኋላም የኬርሶንን ከተማ ያቋቋመ የጦር አለቃ ነው።

በዚህ ቤት የስም ነገር ዘር የሚቈጥረውን ሰው እንዴት ሊያሳስት እንደሚችልም እናያለን። ኦሲፕ ያልነው የባለቅኔው አያት መጀመሪያ የተሰጠው ስም ያኑዋሪ የሚል ነበር። የእናቱ ቋንቋ ጀርመንኛ ስለ ሆነ ይህ ስም ለአፋቸው ከበዳቸውና ልጁን ኦሲፕ ብለው ጠሩት፤ በዚያው ጸና። የክርስትና ስሙን በመዝገብ ያየ፣ የቤት ስሙን ደግሞ ከዘመድ የሰማ ሰው አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ሊቈጥር ይችላል። በእኛም አገር በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው የክርስትና ስም ከዓለም ስም የተለየ ስለ ሆነ፣ ወልደ ገብርኤል የተባሉት አያት እነማን እንደ ነበሩ የልጅ ልጅ ሳያውቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለቱን ወገን በአንድነት መቍጠር ሌላም ነገር ይገልጣል። የፑሽኪን እናት እናት ማሪያ አሌክሴየቭና ከኦሲፕ ጋር በ1773 ከመጋባታቸው በፊት የሚጠሩት ፑሽኪና ተብለው ነው፤ እርሳቸውም ከዚያው ከፑሽኪኖች ቤት የተወለዱ ናቸውና። ወደ ላይ ስንቈጥር በ1692 የሞተ ፒዮትር ፑሽኪን የሚባል ሰው እናገኛለን። ከዚህ ሰው አንዱ ልጅ አሌክሳንደር፣ ከአሌክሳንደር ሌቭ፣ ከሌቭ ሰርጌይ ተወለደ፤ ከሌላው ልጅ ከፊዮዶር ደግሞ አሌክሴይ፣ ከአሌክሴይ ማሪያ፣ ከማሪያ ናዴዥዳ ተወለደች። እንግዲህ በ1796 የተጋቡት ሰርጌይና ናዴዥዳ ከአንድ አባት፣ በአንዱ ወገን በሦስተኛው፣ በሌላው ወገን በአራተኛው ትውልድ የሚገናኙ ዘመዳሞች ናቸው። በአገራቸው ይህ ጋብቻ ተፈጽሟል፤ በእኛ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ቢሆን ግን ሰባት ቤት ሳይሞላ «ዘመድ ናችሁ» ተብለው በተመለሱ ነበር። የናዴዥዳን ዘር በአባቷ በሐኒባል በኩል ብቻ የቈጠረ ሰው ይህን ዝምድና ከቶ ሊያየው አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ፑሽኪን የተወለደው ቅድመ አያቱ ከሞተ ከ18 ዓመት በኋላ ነው፤ አያቱንም ኦሲፕን በቅርብ አላወቀም። ታዲያ ይህን ሁሉ በምን ሊያውቅ ቻለ? በቤት ውስጥ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ስለ ነበሩ ነው። አያቱ ማሪያ አሌክሴየቭና የልጅ ልጃቸውን በሕፃንነቱ እያሳደጉ የድሮውን ነገር ይነግሩት ነበር። ሞግዚቱ አሪና ሮዲዮኖቭናም የሐኒባል ቤተ ሰብ ገባር ሆና የኖረች ሴት ነበረች።

ከሁሉ ይልቅ ግን የጠቀሙት የአያቱ ወንድም ሽማግሌው ፒዮትር ሐኒባል ናቸው። ከአብራም ልጆች መካከል ረጅም ዕድሜ የኖሩ እርሳቸው ነበሩ። ፑሽኪን በ1824 በመንግሥት ትእዛዝ ወደ እናቱ ርስት ተልኮ በዚያ እንዲቀመጥ በተገደደ ጊዜ፣ ሽማግሌው በዚያው አገር በሕይወት ነበሩ። በ1825 ለአንዲት ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሽማግሌው በቅርብ ሊሞቱ እንደሚችሉና ስለ ቅድመ አያቱ የሚያውቁትን ከእርሳቸው መቀበል እንደሚያስፈልገው ገለጠላት። ባሰበውም አልዘገየም፤ የአብራም አማች በጀርመንኛ የጻፈው የሕይወት ታሪክ እጁ ገባ። ሽማግሌው በሚከተለው ዓመት በ1826 ዐረፉ። አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ከአብራም ልጆች አፍ የሚሰማ ምንም አይተርፍም ነበር ማለት ነው።

ይህ እውቀት ለባለቅኔው የሐሳብ መጫወቻ ብቻ አልነበረም። በ1830 ቡልጋሪን የተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ ስሙን ሳይጠራ ነገር ግን ማንን ማለቱ እንደ ሆነ ሁሉ እንዲያውቀው አድርጎ፣ የዚህ ባለቅኔ ቅድመ አያት በአንድ ጠርሙስ መጠጥ ለመርከብ አለቃ የተሸጠ ሰው ነበር ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። ፑሽኪንም በዚያው ዓመት ስለ ትውልዱ በገጠመው ግጥም መለሰለት። ስለ ቅድመ አያቱ ታሪክ በ1827 ልብ ወለድ መጽሐፍ ጀምሮ ነበር፤ አልጨረሰውም። ዘሩን በማያውቅ ሰው ላይ ሌላው የወደደውን ይጽፍበታል፤ የሚያውቅ ሰው ግን ክብሩን በእውነት ይከላከላል።

ከዚህ በላይ ግን መንገዱ ይቈረጣል። አብራም በ1742 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው ማመልከቻ በአፍሪቃ የባላባት ልጅ እንደ ሆነ፣ በአባቱም ግዛት ላጎን በምትባል ከተማ እንደ ተወለደ፣ አባቱ ከዚያች ሌላ ሁለት ከተሞች ይገዙ እንደ ነበረ ገልጧል። የአባቱን ስም ግን አልጻፈም፤ የአገሩንም ስም አልጻፈም። ፑሽኪን እንደሚተርከው፣ አብራም የሕይወቱን ታሪክ በፈረንሳይኛ ጽፎ ሳለ ከዕለታት አንድ ቀን ድንገተኛ ፍርሃት ስለ ያዘው ከሌሎች ውድ ወረቀቶቹ ጋር በፊቱ አስቃጠለው። በዚያ እሳት ውስጥ ምን እንደ ተቃጠለ ዛሬ የሚነግረን የለም።

ስለዚህ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በጀርመንኛ የተጻፈው ታሪክ አብራም ከሐበሻ አገር ነው ይላል። በ1899 አኑቺን የተባለ የመስኮብ የሰው ዘር ጥናት ሊቅ ይህን ተከትሎ፣ ላጎን ማለት ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሐማሴን የሚገኘው ሎጎ ነው አለ። በ1964 ደግሞ ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭ የፑሽኪንን መጽሐፍ ሲተረጕም ይህን አሳብ መርምሮ ማስረጃው ጽኑ እንዳልሆነ አመለከተ። የቤኒን ተወላጅ የሆነው ሊቅ ድዩዶኔ ኛማንኩ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከተማይቱ ከቻድ ሐይቅ በስተ ደቡብ፣ ዛሬ በካሜሩን ውስጥ የምትገኘው ሎጎን ናት ብሎ ብዙ ተመራማሪዎችን አሳመነ። አብራም በማኅተሙ ላይ ከዝሆን ሥዕል ጋር ያስቀረጸው «ፉሞ» የሚለው ቃል እንኳ፣ ለአንዱ የላቲን ቃላት መነሻ ፊደላት፣ ለሌላው የቻድ ሐይቅ አካባቢ ቋንቋ ሆኖ ይታየዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ባለቅኔ የእኛ ወገን ነው ለማለት እንወዳለን፤ መውደዳችንም አያስነውርም። ነገር ግን ዘር መቍጠር ምስክርነት ነው፤ ምስክር ደግሞ ካየውና ከሰማው አልፎ ሊናገር አይገባውም። የተረጋገጠው የአብራም አፍሪቃዊነት ነው፤ የትውልድ አገሩ ግን ሊቃውንት የሚከራከሩበት ነው ብለን ብንናገር ከባለቅኔው ክብር አንዳች አይጐድልም። የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ፣ «አባቴ እገሌ ይባላል፤ አገራችንም እገሌ ነው» የሚል ቃል ብቻ ቢገኝ ኖሮ፣ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የደከሙበት ነገር በአንድ ቀን በተፈታ ነበር።

ከፑሽኪን ወደ ታች ያለውን ትውልድ ብንመለከት ደግሞ ሁሉ በመዝገብ ስለ ተጻፈ መንገዱ ብሩህ ነው። አራት ልጆች ወልዷል። ከእነርሱም ታናሺቱ ናታልያ ለናሳው መስፍን ተዳረች፤ የናታልያ ልጅ ሶፊያ በ1891 የንጉሠ ነገሥቱን የቀዳማዊ ኒቆላዎስን የልጅ ልጅ አገባች። ቀዳማዊ ኒቆላዎስ ፑሽኪን በሕይወት ሳለ መጻሕፍቱን እየመረመሩ ያስጨነቁት ንጉሥ ነበሩ፤ የሁለቱ የልጅ ልጆች ግን ባልና ሚስት ሆኑ። ባለቅኔው ራሱ በ1837 ባደረገው የሁለትዮሽ ግጥሚያ ቈስሎ በሞተ ጊዜ፣ አስከሬኑ በፕስኮቭ አውራጃ ወደሚገኘው የስቪያቶጎርስክ ገዳም ተወስዶ፣ ካንድ ዓመት በፊት በዐረፉት በእናቱ መቃብር አጠገብ ተቀበረ። አያቱ ኦሲፕና ማሪያ አሌክሴየቭናም በዚያው ዐርፈዋል። ሦስት ትውልድ በአንድ የገዳም ቅጥር ውስጥ ተገናኘ።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ለየቤታችን የሚሆን ትምህርት እንውሰድ። አባቶቻችን በዳዊታቸው ባዶ ቅጠል ላይ ልጅ የተወለደበትን ቀን ይጽፉ ነበር። እኛም አንድ ደብተር ገዝተን፣ በመጪው በዓል ቤተ ሰብ በተሰበሰበ ጊዜ አያቶቻችንን እንጠይቅና እንጻፍ። የምንጽፈውም ብዙ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም፣ የተጠመቀበትን ቤተ ክርስቲያን፣ የክርስትና አባቱን ወይም የክርስትና እናቷን፣ የተወለደበትን ቀዬና አጥቢያ፣ የተቀበረበትን ቦታ ነው። የሴቶቹን ወገን ከወንዶቹ እኩል እናድርግ፤ የእናታችን እናት እናት ስም በማናቸውም መታወቂያ ላይ አይገኝምና። ነገሩን የነገረን ማን እንደ ሆነም እንጻፍ፤ የተጠራጠርነውን «እንዲህ ይባላል» ብለን፣ ያረጋገጥነውን «እንዲህ ነው» ብለን እንለየው። በባሕር ማዶ ያላችሁም በስልክ ልትጠይቁ ትችላላችሁ፤ ሽማግሌ ስለ ወገኑ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይሰለቸውም።

ፑሽኪን የአያቱን ወንድም ለመጠየቅ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ጠየቀም፤ አገኘም። በየቤታችን ያሉት ሽማግሌዎች ስንት ዓመት እንደ ቀራቸው የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እንግዲህ ልጆቻችን «የማን ልጅ ናችሁ?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ በአባታቸውም በእናታቸውም በኩል ቈጥረው እንዲመልሱ፣ ዛሬውኑ ደብተራችንን እንክፈት።